ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ገበያ ዋልኩ። ጨው፣ ለሬዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ፣ ለላቀች ተልባ። አህያው መንገዱን ሞልቶት ለመራመድም አስቸጋሪ ነበር። ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ነው መሰል፣ የሰዉ ፊት ደህና ነው።

እንደ ልማዴ ልብስ ሰፊው ጌዲዮን በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ አቁሞ ዜና ያያል፣ እግሩ ግን ከፔዳሉ አይነሣም።

“መምህር ሰሙ? ያ አገር ዛሬም ሚሳኤል ሞከረ። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል።”

“የኛ መኪና ንፋስ መውጫ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ይቆማል፣ የሱ ሁለት ሺህ ይሄዳል? ሄዶ ሲደርስ ንገረኝ” አልኩት። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀረኝ ክፍል ያ በረንዳ ብቻ ነው።

የዚያን አገር ስም እዚህ ደብተር ላይ አልጽፍም። ፎካሪው ነው የምለው። ፎካሪ ስሙ ሲጠራለት ይብስበታል። ልጄ ህይወት ያለችበት ዓረብ አገር ከሱ ማዶ ነው፣ በመካከል ጠባብ ባሕር። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካርታ ሰቅዬ በበትር ያሳየሁት ባሕር! የበትሩ ጫፍ ሲያርፍበት ባሕሩም፣ ከተማውም አብሮ ይሸፈን ነበር። አሁን እዚያ በትሩ ጫፍ ሥር ልጄ የሰው ቤት ታጸዳለች።

ማታ ቤት ዜና ስሰማ ላቀች መጥታ ሬዲዮኑን ዘጋችው። “አንተ መሳቅ እንጂ መስማት አታውቅም” አለች። ሚስቴ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያልተናገረችኝ ቀን የለም።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ከህይወት በኢሞ ድምፅ መጣ። ኔትወርክ የሚይዘው ከቤታችን ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ነው። እኔና ላቀች ወጥተን፣ ስልኩን በመካከላችን ይዘን ሰማነው። ሦስት ጊዜ።

“አባዬ፣ እማዬ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ትናንት የሚሳኤሉን ማስጠንቀቂያ ጩኸት ሞከሩት። የኔ ክፍል ሰገነት ላይ አይደለች? ጆሮዬ ውስጥ ነው የጮኸው። ማዳም ውኃና ሩዝ እያስገዛች ነው። ኤምባሲው አገሩ መግባት የሚፈልግ ይመዝገብ ብሏል። ገነት ተመዝግባለች። አባዬ፣ እኔ ግራ ገባኝ። ልመዝገብ ወይስ ልቀመጥ? እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው።”

ገነት የጎረቤታችን ልጅ ናት። በአንድ ቀን ነው አብረው የሄዱት።

“ተመዝገቢ በላት” አለች ላቀች።

“ቆይ።”

“ምኑ ነው የሚቆየው?”

“ነገር በችኮላ አይታይም።”

መልስ ሳልሰጥ ወረድኩ። ላቀች ጉብታው ላይ ቀረች፣ ስልክ ሳይኖራት።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ወሰንኩ። ለምን እንደወሰንኩ እዚህ ላስቀምጠው፣ ኋላ ማንም እንዳይከራከረኝ።

ሠላሳ ዓመት ሽምግልና ተቀምጫለሁ። የወሰን ጠብ፣ የደም ጠብ፣ የጋብቻ ጠብ… ዛቻ ማንበብ ለኔ ፊደል ማንበብ ነው። ድግስ መካከል ብድግ ብሎ የሚፎክር አለ። እሱ አይነካም፣ የሚፈልገው እልልታ ነው። ጠመንጃውን ወደ ሰማይ የሚተኩስ አለ። እሱ ሽማግሌ እየጠራ ነው። “ያዙኝ” ማለቱ ነው፣ አፍ አውጥቶ ማለት ስለሚያፍር። የሚያስፈራው ሦስተኛው ነው። ዝም የሚለው። ሰላምታ የሚነሣው፣ ጠጉሩን የሚያሳድገው፣ መንገድ ላይ ስታገኘው ዞር ብሎ የሚያሳልፍህ። እሱን ባየሁ ቀን ነው እኔ የምሮጠው።

ታዲያ ፎካሪው ምን አደረገ? ፎከረ። ወደ ሰማይ ተኮሰ። የተኮሰውም ባሕር ውስጥ ወደቀ። ዝም ያለ ዕለት ንገሩኝ።

ይህንኑ ለላቀች አስረዳኋት። እንደ ተማሪ።

“አንተ የምታውቀው የሰው ዛቻ ነው። ይኼ መንግሥት ነው።”

“መንግሥት ሰው አይደለም?”

“ሰውማ ቢሆን ይፈራ ነበር” አለች።

እኔ ግን ጉብታው ላይ ወጥቼ ላክሁ፦ “ልጄ፣ ተቀመጪ። ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው አይገድልም። ይህን ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ሥራሽን ሥሪ፣ ውልሽን ጨርሰሽ ለፋሲካ ትመጫለሽ።”

ቡናም ሳይፈላ መልሷ መጣ። “እሺ አባዬ። እርስዎ ካሉ እሺ።” ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ቀለላት። ድምፅዋ ላይ ሰማሁት።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ፎካሪው ሁለት ተኮሰ። ሁለቱም ባሕር ገቡ። “ጾሙ ጸንቶበት ዓሣ አምሮት ይሆናል” አልኩ በረንዳው ላይ። ጌዲዮን ሳቁ አላስቀጥል ብሎት መርፌውን አቆመ።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ገነት መጣች። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛ፣ ከስታ። እናቷ መንገድ ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች።

ልጠይቃት ሄድኩ። ሰው ሞልቶ ነበር። ሁሉም እያየኝ ነው፣ መምህር ምን ይል ይሆን ብሎ።

“ፈሪ ለእናቱ!” አልኳት። ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። “አዎ ጋሼ፣ ለእናቴ ነው የመጣሁት” አለች። ጫማዬን እያየች፣ “ህይወት ስንለያይ ብዙ አለቀሰች። እንድነግርዎ አልፈለገችም” አለች።

ለላቀች አልነገርኳትም። ጓደኛ ሲለያይ ማልቀስ ያለ ነው።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ገብርኤል። ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት ጥይት ጮኸ። ሴቶች መሬት ተኙ።

ጓዴ የሚባለው ገበሬ ነው። ጎረቤቱ ታፈረ ያጨደውን ገብስ ወሰን አልፎ የጓዴ መሬት ላይ ከምሮታል። ጓዴም ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን እስኪወጣ ጠብቆ፣ ከክምሩ በላይ ወደ ሰማይ ለቀቀው። “ተናግሬያለሁ! ሰው ሁሉ ይስማ!” እያለ ሄደ።

መሪጌታ አወቀ ወዲያው ወደኔ መጡ። ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ፣ አብረውኝ ብዙ ጠብ ያበረዱ ሰው ናቸው። “ነገ በጠዋት እንሂድ” አሉኝ።

“ከገና በኋላ ይሻላል መሪጌታ። ይብረድለት። ወደ ሰማይ ነው የተኮሰው።”

“ወደ ሰማይ ስለተኮሰ ነው ነገ የምንሄደው” አሉ።  ከሳቸው ጋር አልከራከርም።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

 በሥርዓቱ ልጻፈው።

ሄድን። ጓዴ አውድማው ዳር ተቀምጧል፣ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ። ሲያየን ተነሥቶ ነጠላውን አደገደገ። ፊቱ ከትናንቱ ሌላ ነው፣ ያልተኛ ሰው ፊት።

“እንኳን መጣችሁልኝ። ዛሬ ባትመጡ…”

“ባንመጣስ?” አልኩት። እንደ ቀልድ ነበር ያልኩት።

“ሰው ሰምቶኛል እኮ መምህር! በሰው ፊት ተኩሼ፣ ማንም ሳይመጣልኝ እንዴት ቤቴ እገባለሁ? ሚስቴስ ምን ትለኛለች? ወደ ላይ የተኮስኩት እናንተ እንድትሰሙ ነው። እናንተ ካልሰማችሁ አፈሙዙን ዝቅ ማድረግ ነው የቀረኝ። ታፈረን ልግደለው ብዬ አይደለም። መመለሻ አጥቼ ነው።”

ጠመንጃውን ለመሪጌታ ሰጠ። ታፈረም ክምሩን ሊያነሣ እሺ አለ። እርቁ ለገና ተቀጠረ። ሁሉ ነገር ሰመረ።

ስንመለስ፣ ወንዙን ተሻግረን፣ መንገዱ መካከል ቆምኩ።

ፎካሪው ስንት ጊዜ ተኮሰ? ከመስከረም ወዲህ እንኳ ስድስት ጊዜ። ማን ሄደለት? ማንም። ሁሉም በሬዲዮ ሰደበው፣ ማዕቀብ ጨመረለት፣ መርከብ አስጠጋበት። እንደኔ ደግሞ በረንዳ ላይ የሳቀበት አለ። ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሽማግሌ ይፈልጋል ብዬ ነበር። እውነት ነው! ግን ሽማግሌው ካልመጣስ? ይህን ሠላሳ ዓመት እንዴት አላየሁትም? አላየሁትም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ሄደናል። ስንሄድ ስለኖርን ያልሄድን ዕለት ምን እንደሚሆን አላውቅም። መሄዳችንን ረስቼ የሰውየውን አለመግደል ብቻ ነው የቆጠርኩት።

“ምነው ቆሙ መምህር?” አሉኝ መሪጌታ።

“ልጄን ተቀመጪ ብያታለሁ” አልኳቸው።

አልገባቸውም። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ። ጉብታው ላይ ወጣሁ። ኔትወርክ የለም።

ታኅሣሥ 21

የለም።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

የለም። ጌዲዮን ወረዳው በሙሉ ጠፍቷል አለ። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ንፋስ መውጫ ግን ይሠራል ይላሉ። መኪና የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል። ላቀች ስንቅ ቋጠረችልኝ። ወዴት ነው፣ ምን ሆነህ ነው ብላ አልጠየቀችም። ታውቃለች።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ንፋስ መውጫ፣ አንድ አልጋ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን እህል የጫነ አይሱዙ ላይ። ከአይሱዙው ወርጄ፣ ከባጃጆቹ ጩኸት መካከል፣ አስፋልት ዳር ቆሜ ደወልኩ። አነሣችው።

“አባዬ! ምነው? እማዬ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። ስሚኝ ልጄ፣ አሁኑኑ ተመዝገቢ። ዛሬውኑ ነይ።”

 ቀስ ብላ፣ “ዝርዝሩ ተዘግቷል አባዬ። ገነት የሄደችበት የመጨረሻው ነበር። አሁን አውሮፕላንም አይነሣም።”

“ማዳምሽስ?”

“እነሱ በመኪና ወደ ዘመድ ሊሄዱ ነው። ቤቱን እኔ ነኝ የምጠብቀው።”

“እንኪያ ከሰገነቱ ውረጂ። ምድር ቤት ተኚ። ሰማሽ?”

“ምድር ቤቱንም የውጭ በሩንም ቆልፈው ነው የሚሄዱት አባዬ።”

 እኔ ዝም ስል እሷ ታጽናናኝ ጀመር። እሷ!

“ምን ሆኑ አባዬ? አይዞዎት። ወደ ሰማይ ነው እኮ የሚተኩሰው። እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ? እዚህ ያሉትን የሐበሻ ልጆች ሁሉ እኔ ነኝ የማረጋጋቸው። አባቴ ሽማግሌ ነው፣ ዛቻ ያውቃል እላቸዋለሁ። እኔም በሱ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።”

ታዲያ ምን ልበላት? ግማሹን ነው የነገርኩሽ ልበላት? በሩ ከውጭ ለተቆለፈበት ሰው እሳት ተነሣ ይባላል?

“አዎ ልጄ፣ ወደ ሰማይ ነው” አልኳት።

ለእርቅ ስል ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ። እንዲህ ያለ ውሸት ግን ዋሽቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ጓዴና ታፈረ ታረቁ። ድንጋይ ተሸክመው ይቅር ተባባሉ፣ ከአንድ መሶብ በሉ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። “ዕድሜ ይስጥዎ መምህር፣ ደም ሊፈስ ነበር” አሉኝ። ጉርሻውን ለጎኔ ሰው አሳለፍኩት።

ፎካሪው ቀን ቆርጧል፣ ሬዲዮው እንዳለው። እስከ አምስት ቀን መርከቦቹ ካልተነሡ አለ። እነዚያም አይነሡም አሉ። ሁለቱም በሰው ፊት ተናገሩ። ሁለቱም ቤታቸው የሚገቡበት መንገድ የላቸውም።

አንድም ሰው ተነሥቶ አልሄደም። በዚህ ሁሉ ዓለም፣ አንድ መሪጌታ አወቀ ጠፋ?

ጥር 4፣ ሰኞ

ተኮሰ። ወደ ሰማይ አይደለም።

ሬዲዮው የከተማዋን ስም ጠራ። ላቀች የያዘችውን ጣሳ ለቀቀችው። ውኃው እግሬ ሥር መጣ፣ አልተነሣሁም።

ጥር 5

ጉብታው ላይ ዋልን። የለም።

አብዛኛውን አየር ላይ መትተው ጥለውታል ይላል ሬዲዮው። ስብርባሪው ግን ቤቶች ላይ ወድቋል። ቤቶች ላይ… የቤቱ የትኛው ላይ? ጣሪያው ላይ አይደል መጀመሪያ የሚወድቀው?

ጥር 6፣ ረቡዕ

ላቀች አትናገረኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ። “እውነት አይሆንም ብለህ ነው? ወይስ በረንዳው ላይ የተናገርከው እንዳይፈርስብህ?”

ቁጣ አልነበረበትም። ለማወቅ ነው የጠየቀችው።

ደብተር ላይ አይዋሽም። ሁለቱም ነው። አይሆንም ብዬ አምኜ ነበር። ግን ያን ቀን ጉብታው ላይ አንድ ነገር አስቤያለሁ፦ የኔ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ከመጣች ጌዲዮን ምን ይላል? ሲያሾፍ የከረመ ሰው ልጁን ደብቆ አስመጣ አይለኝም? ይህን አስቤያለሁ። ለአፍታ ነው፣ ግን አስቤያለሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄያለሁ። ያመለጠኝን ላለመመለስ ነው ልጄን እዚያ የተውኳት።

“ሁለቱም ነው” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና እንጨት ልታመጣ ወጣች።

ጥር 8፣ ዓርብ

ገበያ ወጣሁ፣ ወሬ ልሰማ። ትናንት ለአንድ ሰዓት ያህል ኔትወርክ መጥቶ ነበር አሉ። እኔ ቤት ነበርኩ፣ አመለጠኝ።

ጌዲዮን ሲያየኝ ብድግ አለ። “ዛሬ ሥራ የለም መምህር፣ ልዘጋ ነው” አለና ዘጋ። በዓርብ ገበያ! ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው! ልብስ የሚያሰፋው ሰው ወረፋ ይዞ።

በረንዳው ላይ የነበሩት ሁሉ ቀስ በቀስ ተበተኑ። ሰላምታ የሰጠኝ ሰው ዓይኔን አላየም። አንዱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዞር ብሎ አሳለፈኝ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ገነት ሳንጠራት መጣች። ውኃ ቀዳችልን፣ ደጁን ጠረገች። የላቀችን ጉልበት ስማ ሄደች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ላቀች፣ “እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት” አለች።

ከሰዓት ወፍጮ ቤቱን አልፌ ስመጣ የጎረቤቶቻችን ጆንያ ተደርድሮ አየሁ። የማን ነው ብል የሚመልስልኝ አጣሁ።

ዝም የሚለው ነው የሚያስፈራው ብዬ ጽፌያለሁ። እዚሁ ደብተር ላይ፣ ስድስት ገጽ ወደ ኋላ።

መርዶ ሠላሳ ዓመት ነግሬያለሁ። እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ። በዓል ላይ አይነገርም። እህል ይፈጫል፣ ድንኳን ይያዛል፣ ቤተሰቡ ሳይሰማ። ከበዓሉ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይላካል። ሰውየው ለሥራ ከቤቱ ሳይወጣ።

ሄጄ ልጠይቃቸው እችላለሁ። መሪጌታ ከጠየቅኋቸው አይዋሹኝም። አልሄድም። ላቀች የጥምቀት ቀሚሷን አጥባ አስጥታለች።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ታቦቱን ሸኘን። ላቀች ነጭ ለብሳ፣ ከሴቶቹ ጋር እልል አለች። ሴቶቹ ሁሉ ከበዋታል። እሷ፣ ልጄን ጠብቅልኝ ብላ ስትሳል ዘወር ብለው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እሷ ታቦቱን ነው የምታየው።

እኔም እንደነሱ ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ልስጣት። ሌላ የምሰጣት ነገር የለኝም።

ስንመለስ ሳቅ ብላ፣ “ዛሬ ደረቴ ቀለለኝ፣ ደህና ሳትሆን አትቀርም” አለችኝ።

“ደህና ናት” አልኩ። ሁለተኛው ውሸቴ።

መሪጌታ ከካህናቱ መካከል ሆነው አንድ ጊዜ አዩኝ። እንዳወቅሁ አወቁ። ጎንበስ አሉልኝ። ሽማግሌ ለሽማግሌ።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ወፍ ሳይንጫጫ ነው የተነሣሁት። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ። ብርሃኑ ለመጻፍ ያህል ነው።

መጡ። ከታች፣ ከአጥሩ ማዶ። መሪጌታ ፊት ናቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። ከኋላቸው ጓዴና ታፈረ፣ ጎን ለጎን፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው። እነሱን የመረጡልኝ መሪጌታ ናቸው። ገነት ራቅ ብላ ከእናቷ ጋር ቆማለች።

ቀስ እያሉ ነው የሚወጡት። እኔም እንደዚያ ነበር የምወጣው። ደጃፉ ላይ እስኪደርሱ ሰውየው ትንሽ ይተኛ ብዬ።

እዚያ ሽማግሌ አልሄደም። እኔ ቤት መጣ።

ላቀች ተኝታለች። ልቀስቅሳት።

የካቲት 13፣ ዓርብ

አርባዋ። ጾም ስለሆነ በሽሮና በክክ ተዘከረ። ብዙ ሰው መጣ። አስከሬን አልመጣም። ኤምባሲው አውሮፕላን ሲነሣ ይታያል ብሏል፣ እስካሁን አልታየም። መሪጌታ በባዶው ጸለዩላት።

ላቀች ከኔ ጋር መብላት ጀምራለች። ከኔ ጋር መናገር ግን ገና ነው።

ጌዲዮን ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን አሳየኝ። አስታራቂ አገሮች ገቡ፣ ፎካሪውም እሺ አለ፣ መርከቦቹም ሊነሡ ነው። ለካ ይሄዳል ሽማግሌ። ለካ መንገዱ ነበር።

“ይዘልቅ ይሆን መምህር? ምን ይመስልዎታል?” አለኝ። በዳሱ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጠበቀኝ፣ እንደ ድሮው በረንዳ።

“አላውቅም” አልኩ። ጠበቁ። ሌላ የምጨምር መስሏቸው ነው። አልጨመርኩም።

ሊወጣ ሲል አንድ ገበሬ እጄን ይዞ ሊያጽናናኝ ሞከረ። “ልጅዎ ጀግና ነበረች መምህር። ሌላው ሲሸሽ እሷ አልሸሸችም።” በዙሪያው ያሉት እውነት ነው፣ እውነት ነው አሉ። ገነት ከእናቷ ጋር ሳህን እየሰበሰበች ነበር። ሰምታ ቀና አለችና አየችኝ። አመሰግናለሁ አልኩት ሰውየውን።

ጀግና አልነበረችም። ፈርታ ነበር። ፈርታ ጠየቀችኝ።